አባቴ ትምህርት ቤት የዋለበት ሳምንት

ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ ሶስና፣ በትምህርት ቤቷ የባህል ቀን ስለሚከበር፣ ለብሳ የምትሄደውን ቀሚስ እንድተኩስላት ይዛልኝ መጣች። እናቷ ከሥራ ስትወጣ ከሽሮ ሜዳ በጥድፊያ የገዛችላት ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ጥለቱ ያምራል፣ መስቀሉም ሐረጉም ቦታ ቦታውን ይዟል። ካውያውን ገና ጫፉ ላይ ሳሳርፈው ግን ጥለቱ ተኮማተረና ቤቱን ፌስታል የተቃጠለበት አስመሰለው። ለካስ ጥለቱ የታተመ ሥዕል ኖሯል። ልጅቷ ቀሚሴን አበላሸሽብኝ ብላ ከንፈሯን ስትጥል፣ እኔ ካውያዬን ይዤ እንደቆምኩ ስለ ሌላ ሽታ አስብ ነበር። ድር እንዲጠነክር የሚነከርበት የዱቄት ሙቅ ሽታ፣ ትንሽ ኮምጠጥ የሚለው፣ ልብሳችንም ፀጉራችንም ውስጥ ገብቶ ትምህርት ቤት ድረስ የሚከተለን ያ የቤታችን ሽታ መጣብኝ።

ያደግሁት እዚሁ ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ገበያ ጀርባ፣ ሸማኔ ከሸማኔ ግድግዳ በሚጋራበት ሰፈር ነው። ወላጆቼ ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው። አባቴ በአንዱ ክፍላችን ወለል ላይ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰዶ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ከግራ ወደ ቀኝ እየላከ ይውላል፤ ከጎኑ ደግሞ እኛ ትልቁ አባባ እያልን የምንጠራቸው ታላቅ ወንድሙ በሌላ ጉድጓድ ይሸምናሉ። የቤታችን ሕግ አጭር ነበር፤ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። እኔም እጄ ክር መያዝ ከቻለበት ጊዜ ጀምሮ ሥራዬ ማጉን መወርወሪያው ውስጥ በሚገባው የሸምበቆ ቀሰም ላይ እያጠነጠንኩ ለአባቴ ማቀበል ነበር። መወርወሪያው ሲያልፍ ድምፁ ሲቀጥን ክሩ ሊያልቅ መሆኑን አውቅና ሳልጠራ አቀርባለሁ።

ጉድጓዱ ውስጥ መግባት ግን ክልክል ነው። ትልቁ አባባ ሴት የገባችበት ጉድጓድ ድሩ ይበጣጠሳል፣ ገበያውም ይርቃል ብለው ከልባቸው ያምኑ ነበር፤ እሳቸው ያመኑትን ደግሞ አባቴ አያፈርስም። የሰፈሩ ልጆች ብስክሌት ሲመኙ እኔ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እዚያ ቁጭ ብዬ መወርወሪያውን በራሴ እጅ መላክ እመኝ ነበር። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለእናቴም ቢሆን።

አራተኛ ክፍል ስገባ የኅብረተሰብ ትምህርት የሚያስተምሩን እትዬ ጽጌ ነበሩ። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ጠመኔ ከያዙበት ጊዜ ይልቅ ጭቃ የያዙበት የሚበዛ ሴት ናቸው። በጆሮ የገባ ታሪክ በሌላው ጆሮ ይወጣል፣ በእጅ የገባ ግን የትም አይሄድም የሚል እምነት ነበራቸው። የእንጦጦውን የምኒልክ ግቢ አስጎብኝተውን ሲያበቁ ያንኑ ግቢ በጭቃ አሠርተውናል፤ በበልግ ዝናብ ሟሙቶ ሲያልቅ መንግሥት እንዲህ ነው ብለው አለፉት። የብራና ጸሐፊ ቀለም ከጥላሸት እንዴት እንደሚበጠበጥ ያሳዩን ቀን ደግሞ እናቶቻችን ዩኒፎርም እያሹ የረገሟቸው እርግማን ደርሶባቸው ቢሆን ኖሮ አመቱን አይጨርሱም ነበር። ግን ማን ይቆጣቸዋል፤ እኛ ልጆቹ ቅዳሜም ኑ ብንባል የምንመጣ ሆነን ነበር።

አንድ ቀን ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩና አባቱ ሸማኔ የሆነ እጁን ያውጣ አሉ። ከክፍላችን እኩሌታው የሸማኔ ልጅ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፣ የወጣው ግን ሁለት እጅ ነው፤ ያን ጊዜ ሸማኔ መባል እንደ ስድብ ነበርና። አንደኛው እጅ የእኔ ነበር። ለምን እንዳወጣሁ እስከ ዛሬ አላውቀውም፤ ምናልባት ከእሳቸው መደበቅ አስጠልቶኝ ይሆናል። በማግስቱ እትዬ ጽጌ ራሳቸው ቤታችን መጥተው፣ ጎንበስ ብለው ገብተው፣ አባቴን አንድ ሳምንት ትምህርት ቤት መጥቶ ልጆቹን እንዲያሸምን ለመኑት። አባቴ ለአስተማሪ እምቢ ማለት የማያውቅ ሰው ነው። ትልቁ አባባም ቅር እያላቸው፣ ወንድሜ ብቻውን እንዳይቸገር ብለው አብረው መጡ።

ጉድጓዱን የቆፈርነው እኛ ነን፣ ከሜዳው ጥግ፣ ከጽዱ ሥር። አባቴ ምሰሶዎቹን ተከለ፣ ድሩን ወጠረ፣ ከዚያ ሁላችሁም ጫማ አውልቁ አለ፤ መርገጫው በእግር ጣት መሃል ነውና የሚያዘው። የዚያን ቀን የማን ካልሲ ተረከዝ እንደሌለው፣ የማን እግር ከጥምቀት ወዲህ ውኃ እንዳላየ በይፋ ታወቀ። እያንዳንዱ ልጅ አራት ጣት ያህል እንዲሸምን ተወሰነ። ወንዶቹ ተሰለፉ፤ ሴቶቹ ግን ትልቁ አባባን እያየን ወደ ኋላ አልን። ይህን ጊዜ እትዬ ጽጌ ባለተረከዝ ጫማቸውን አውልቀው፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ቁና ቁና እየተነፈሱ ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ። አባቴ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ትልቁ አባባ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። ድሩ ግን አልተበጠሰም፤ እትዬ ጽጌም አራት ጣታቸውን ጠማማ አድርገው ሸምነው በሁለት ልጆች ተጎትተው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ወንድ ሴት ሳይል ሁሉም ገባ። አንዱ መወርወሪያውን እንደ ጠጠር ወርውሮ የጓደኛውን ግንባር ይመታል፣ ሌላዋ ሁለቱን መርገጫ አንዴ ረግጣ ድሩን ታወሳስበዋለች፣ አባቴ ግን ሳይሰለች የተበጠሰውን እየቀጠለ፣ የጠበቀውን እያላላ ቀን ሙሉ ይስቅ ነበር። ቤት ውስጥ እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። በሦስተኛው ቀን አባቱን ደብቆ የነበረው ሁሉ፣ የእኔ አባትማ ከዚህ የበለጠ ይሠራል ማለት ጀመረ። እኔ ከጎን ቁጭ ብዬ ቀሰም አጠነጥናለሁ። ተራዬ ይደርሳል እያልኩ፣ የቀሩትን ልጆች በዓይኔ እየቆጠርኩ።

ዓርብ ዕለት እትዬ ጽጌ የቀረሁት እኔ ብቻ መሆኔን አይተው፣ «ዘነበችስ?» አሉ።

አባቴ ቀና ብሎ ትልቁ አባባን አየ። እሳቸው የሰው ልጆች ሲገቡ ችለው ነበር፤ የሰው ልጅ የሰው ነው። የወንድማቸው ልጅ ግን የቤታቸው ልጅ ናት። የያዙትን ክር ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«እሷ ቀሰም ታጠንጥን፣ እትዬ» አለ አባቴ። «እሷ ከሌለች ሁላችንም ሥራ እንፈታለን።»

ልጆቹ ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ዓይኔን ግን ከቀሰሜ ላይ አላነሳሁም። እትዬ ጽጌ ከሰው አባት ጋር በልጁ ፊት የሚከራከሩ አልነበሩምና ጭንቅላቴን ዳበስ አድርገው ልጆቹን ወደ ክፍል ወሰዱ። እኔን ዕቃ እንድሰበስብ ተዉኝ። ትልቁ አባባ ትርፉን ምሰሶና ክር ተሸክመው ቀድመው ወደ ቤት ወጡ። አባቴና እኔ፣ በቀሩት ሁለት ምሰሶዎች ላይ ከተወጠረችው የድር ቅሪት ጋር፣ ከጽዱ ሥር ቀረን።

አባቴ የትልቁ አባባ ጀርባ ከበሩ ወጥቶ እስኪታጠፍ ድረስ ቆሞ አየ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞር፣ «ግቢ» አለኝ።

ገባሁ። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው አፈር እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ስንት ዓመት ያየሁትን፣ በድምፁ ብቻ የማውቀውን ሥራ ቁጭ ስልበት እግሬ ለብቻው እጄ ለብቻው ሆነ፤ መወርወሪያው እኔ እጅ ላይ ከሌሎቹም ልጆች የባሰ ይደናበር ነበር። ከመሃል አንድ ድር ተበጠሰብኝ። ትልቁ አባባ እውነታቸውን ነው ብዬ ደነገጥኩና አባቴ መጥቶ እንዲቀጥልልኝ ጠበቅሁ። እሱ ግን ጀርባውን ሰጥቶኝ የትምህርት ቤቱን በር እየጠበቀ ነበር፤ አልዞረም። ስለዚህ ራሴ ቀጠልኩት፣ መቀጠልማ አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ እግሬና እጄ ተግባቡ። ድሩ እስኪያልቅ ሸመንኩ፣ ከአራት ጣት በላይ ሳይሆን አይቀርም፤ አባቴም በቃ አላለኝም።

ሽቅብ ወደ ቤት ስንሄድ እጄን ይዞኝ ነበር። በሩ አጠገብ ስንደርስ ብቻ፣ «ለትልቁ አባባ እንዳትነግሪ» አለኝ። እኔም አልነገርኩም። እሱም ዳግመኛ አንስቶት አያውቅም፤ እኔም ሁለተኛ ጉድጓድ ውስጥ አልገባሁም።

ሁላችንም የሸመንናት ያች ጨርቅ ለጥቂት ዓመታት በክፍላችን ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ነበር፣ አንዱ ጋ ጠባ አንዱ ጋ ሰፍታ። ትምህርት ቤቱ ፎቅ ሲሆን የት እንደደረሰች የሚያውቅ የለም። እትዬ ጽጌም አረፉ። ትልቁ አባባም አባቴም ተከታትለው ሄዱ፤ ወንድሞቼ አንዱ ሸጎሌ ሚኒባስ ይነዳል፣ አንዱ ኮምፒውተር ይጠግናል፣ ጉድጓዶቹም ተደፍነው ሴራሚክ ተነጥፎባቸዋል። ዛሬ ሶስና የምታከብረው የባህል ቀን ለብሶ ፎቶ መነሻ ነው። ልጅ ነችና ደስ ይላታል፣ ደስታዋን አልቀማትም።

ያን ዕለት ግን የተቃጠለውን ጫፍ ቆርጬ እየጠቀምኩላት ይህን ሁሉ ነገርኳት። ከአባቴ ሌላ ከሰው ጆሮ ገብቶ የማያውቀውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገርኩ፤ ስናገር እንኳ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር። ልጅቷ አፏን ከፍታ ሰማችኝና፣ ስጨርስ ግራ ገብቷት፣ «ታዲያ እማማ፣ ብትገቢ ምን ችግር አለው?» አለችኝ።

ምንም ችግር የለውም አልኳት። እውነቴን ነው፤ ችግር አለው ብሎ የሚቆጣኝ ሰው በዚህ ዓለም ላይ አንድም አልቀረኝም።