የአልጫው ዓመት

ካዛንቺስ ገና ሰፈር ሳለ፣ የማህፀን ሐኪማችን ክሊኒክ ከአንድ ቡና ቤት በላይ ፎቁ ላይ ነበር። እናቴ የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ እንኳ በየዓመቱ ተጣጥባ፣ ንጹህ ነጠላ ለብሳ ትሄድለታለች። እኛን ያዋለዳት እሱ ነው፤ ለሌላ ሐኪም ገላዋን አታሳይም። "በእኔ በኩል ንጹህ ነዎት" ይላታል፤ ደስ ብሏት ትመለሳለች።

አንድ ዓመት አብሬያት ገባሁ፤ ብቻዋን ከሄደች እንደማትነግረው አውቃለሁ። ማህፀኗን አይቶ ሲጨርስ ክንዷን ነካ አደረግኳት።

"ዶክተር፣ ይቅርታዎን... ሽንት ቤት ስቀመጥ ደም አያለሁ፤ ከሰገራው ጋር" አለች፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና። ስንት ቀን ተለማምዳው ነው እኮ!

"ኪንታሮት ነው። በርበሬ ይተዉ፤ ለብ ባለ የጨው ውሃ ይዘፍዘፉ።"

"አይመረመርም?" አልኩት።

"ያኛው የኔ ክፍል አይደለም" ብሎ ሳቀ። ጓንቱ ገና እጁ ላይ ነው! "ታዲያ የማን ነው?" ስለው ቀጣይዋን አስጠራ። ወይ ሐኪም!

ሌላ ጋ እንሂድ ብዬ ለመንኳት። "ለማላውቀው ሰው እንዲህ ያለውን ቦታ? ሞቼ ነው!" አለች። የሰውዬውን ቃል ግን እንደ ንስሐ አባቷ ቃል ያዘችው። ያለ በርበሬ ምግብ የማይዋጥላት ሴት፣ ሽሮውን ነጭ፣ ምስሩን አልጫ አደረገችው። የፋሲካው ዶሮ እንኳ አልጫ ሆነ። ሳፋ ውስጥ ተቀምጣ "እየተሻለኝ ነው" ትላለች፤ ቀሚሷ ግን እየሰፋት ሄደ። ዓመቱ ደርሶ ክሊኒኩ ስትመለስ ሰውዬው ያንኑ ማህፀኗን አየና "ቀነሱ፣ ጎበዝ!" አላት። ጎበዝ! ጭራሽ!

ወድቃ ሆስፒታል ስትገባ አንዲት ወጣት ቀዶ ሐኪም በጣቷ ዳሰሰቻት። የአንጀት ካንሰር ነበር፣ መውጫው አጠገብ፤ ጉበቷ ጋም ደርሷል።

"በጣት የሚደረስበት ነው እኮ፤ ማንም አላያቸውም?" አለችኝ።

በየዓመቱ ጣቱን እዚያው አጠገብ ሲያመላልስ የኖረውን ጌታ አሰብኩ። ሊያይ የሰነፈ እንኳ አይደለም፤ ሊነካ የተጠየፈ እንጂ።

ለሰልስቷ ያው ዶክተር ሱፉን ግጥም አድርጎ ለብሶ ድንኳናችን መጣ። እጄን ያዘና "በእኔ በኩል እኮ ምንም አልነበረባቸውም" አለኝ። ማፈር የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ከዚያ ተቀምጦ ምሳ መጠበቅ ጀመረ።

ሳህኑን ራሴ አቀረብኩለት። አልጫ ብቻ።

አጠገቡ የተቀመጡትን ሰውዬ ሳህን አየት አድርጎ "ቀዩ አለቀ እንዴ?" አለ።

"ሞልቷል፣ ዶክተር። እናቴ ግን እርስዎ ባዘዙላት መሠረት ዓመቱን ሙሉ ይህንን በልታ ነው የሞተችው። ይቅመሱት።"