«እህትሽን ትንሽ አሟታል»

የምተረጉመው ልቦለድ ታሪኩ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት እንግሊዝ አገር የሚሆን ነው። አስቸኳይ ደብዳቤ በፈረሰኛ ይላካል። ሴትዮዋ ማኅተሙን ትሰብርና «እህትሽ በጠና ታማለች፣ ፈጥነሽ ነይ» የሚለውን ታነባለች፤ ወዲያው ሠረገላ አስጠምዳ ትሄዳለች። እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ እቀናለሁ። ታማለች ካሉ ታማለች ነው፤ በቃ። እኛ ዘንድ መርዶም የሚጀምረው በዚሁ ቃል ስለሆነ፣ «ታማለች» ተብሎ የተነገረው ሰው ቀብሩ ስንት ሰዓት እንደሆነ ነው የሚጠይቀው።

ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት ቁስቋም ያለው ቤታችን ተንኳኳ። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ናቸው፤ የአክስቴ ጎረቤት። የላካቸው የአክስቴ ልጅ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ለእናቴ በስልክ አይነገርም ብሎ። እናቴና አክስቴ ሲነታረኩ ያረጁ እህትማማቾች ናቸው፤ ከፋሲካ ወዲህም ተኮራርፈው ነበር።

ሽማግሌው እናቴን ቁጭ በይ አሏት። ውሃ ጠጪ አሏት። ከዚያ «እህትሽን ትንሽ አሟታል፤ ጳውሎስ ሆስፒታል ናት» አሉ።

እናቴ አላስጨረሰቻቸውም። «እህቴን! እህት ዓለሜን!» እያለች ደረቷን መታች።

«ቁስቋም ማርያምን እልሻለሁ፣ በሕይወት አለች! ኦፕራሲዮን ልትገባ ነው፤ ከዚያ በፊት አንቺን ማየት ፈልጋ ነው!»

ማን ይስማቸው? መርዶ ነጋሪ ሁሉ መጀመሪያ እንዲያ ነው የሚለው። ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት ገባ፤ አንዷ ወንበር ወደ ግቢው ማውጣት ጀመረች። እኔ፣ በፈረንጆቹ ደብዳቤ የምቀናው ተርጓሚዋ፣ ከሁሉም በላይ እጮህ ነበር።

ሽማግሌው ትዕግሥታቸው አለቀ። ለአክስቴ ልጅ ደወሉና ስልኩን እናቴ ጆሮ ላይ ለጠፉት። የመለሰችው ራሷ አክስቴ ነበረች። «የት ቀረሽ? ሊያስገቡኝ ነው እኮ!»

ነጠላችንን እንኳ ሳናስተካክል ታክሲ ውስጥ ዘለን ገባን። ቁልቁለቱን ስንወርድ እናቴ «አድርሰኝ፣ አድርሰኝ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም።

ስንደርስ የአክስቴን አልጋ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍሉ እየገፉት ነበር። የእናቴን ያበጠ ዓይን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ሐኪሞቹ ምን ነገሩሽ? አትደብቂኝ። ልሞት ነው?»

«ኧረ የለም!» አለች እናቴ እየተንሰቀሰቀች። «የሞትሽ መስሎኝ ሳለቅስ ነው።»

 አክስቴ እጇን ዘርግታ የእናቴን ጉንጭ በመዳፏ ጠረገች።

«እንዲህ ነው እንዴ የምታለቅሽልኝ?» አለች። «እኔ እኮ አታለቅስልኝም ብዬ ነበር የምፈራው።»