ለሁለት ሰው የላላ ካቴና

ባለፈው ሳምንት አሮጌ ሞተር ሳይክሎችን የሚሰበስብ አንድ ሰው ከፒያሳ በባጃጅ ቤቴ ድረስ መጣ። ጓሮ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ያለችውን የአባቴን ሞተር ዞሮ ዞሮ አያት። የኋላ ጎማዋን በእጁ አሽከረከረ፣ ጎማዋን የሚያዞረውን ሰንሰለት፣ ካቴናዋን፣ በጣቱ ከፍ ዝቅ አደረገና፣ «ይህ እኮ በጣም ላልቷል። መፍቻ ካለዎት ላጥብቅልዎት?» አለኝ። ደግ ሰው ነው፣ ለክፋት አላለውም። እኔ ግን ሞተሯን ያስነሣሁባት ያቺ ጥር ትዝ አለችኝ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሞተሯን አባቴና ታናሽ ወንድሙ፣ አጎቴ ደሴ፣ በወጣትነታቸው በጋራ የገዟት ናት። አጎቴ ታሞ በተኛበት አንድ ክረምት አባቴ «የኔ ብቻ ናት» ብሎ ወሰዳት። በዚያው ተቆራረጡ። አጎቴ ከጎንደር የአንድ ቀን የእግር መንገድ ወደምትርቀው ማክሰኝት ወርዶ እርሻ ገባ። አባቴም ኅሊናው ከበደው መሰለኝ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይነዳት ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አቆማት። ዶሮ አደረባት። እንደገና ላስነሣት የተነሣሁት እኔ ነኝ። ጥቂት የቴክኒክ ትምህርት ቀምሼ ስለነበር ኩራቴ አይጣል ነው። አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል እንዲሉ፣ ጎንደር ላይ እኔን የሚስተካከል መካኒክ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ጥር ላይ፣ ጥምቀት አልፎ፣ ሞተሯን አስነሥቼ አዲስ ካቴና አጥልቄላት ሳለ ከማክሰኝት አንድ እህል ነጋዴ መልእክት ይዞ መጣ።

«ደሴ ሕመሙ ጠንቶበታል» አለው አባቴን። «"የወንድሜን የአያን ፊት ልየው" ብሏል።»

አባቴ ከመደቡ ተነሣ። አውቶቡስ እንዳለ ብነግረው ራሱን ነቀነቀ።

«የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚታረቅ። የኔ ድንጋይ ይቺ ናት። ባዶ ትከሻዬን ወርጄ ምን ብዬ ፊቱ እቆማለሁ?» ወደ እኔ ዞሮ፣ «ነገ ትወስደኛለህ?» አለኝ። ጉልበቱ ሞተር ለመንዳት አይችልም ነበርና ነጂው እኔ ነኝ።

«እወስድሃለሁ» አልኩት። አባቴም ለነጋዴው፣ «ነገ በሞተሯ እመጣለሁ በልልኝ» አለው።

አመሻሹ ላይ ጎማውን ከመሬት አንሥቼ ደጋግሜ አዞርኩት። ካቴናውን ወጠር አድርጌ አሰርኩት፣ አዲስ ነገር ሲወጠር ያምራል። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣ «እኔ ልቀመጥባትና ብታያትስ?» አለ። «አያስፈልግም አባባ፣ ሥራ አታስፈታኝ» አልኩት። ወደ ቤት ገባ። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ፒያሳ ሄዶ ትኩስ ፓስቲ በጋዜጣ አስጠቅልሎ መጣ። ከወንድሙ ጋር ከተማ ሲሠሩ ቁርሳቸው ይኸው ነበር። ከኋላዬ ተቀምጦ ወጣን። ከከተማው ዳር፣ አዘዞ ሳንደርስ ሞተሯ ታቃስት ጀመር፣ ጎማው ከኋላ ሰው የያዘው ይመስል ይጎተታል። ወርጄ መሐሉን ብነካው ያቃጥላል። እየገፋን ተመለስን። ፍሬኑ ነው ብዬ ሸራውን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ። ብቻዬን ሰፈሩን ስዞርባት ደህና ናት። በሁለተኛው ቀን አባቴ ሌላ ትኩስ ፓስቲ ገዛ፣ እኛም እዚያው ቦታ ቀረን። ጎማው የሚሾርበት ኩሽኔታ ነው ብዬ ፈትቼ በነጭ ጋዝ አጠብኩ፣ ግራሶ ሞላሁት። በባዶው ሳዞረው እንደ እንዝርት ይሾራል። ያልደረሰውን ፓስቲ ማታ የምበላው እኔ ነበርኩ። አባቴ አልቀመሰውም።

በሦስተኛው ቀን ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ሽማግሌውን መካኒክ አያ ዘለቀን ጠራኋቸው። ጎማውን አልነኩም። «ሁለታችሁም ተቀመጡባት» አሉን። ተቀመጥን። ጎንበስ ብለው ካቴናውን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ምነው ልጄ፣ ለባዶዋ ነዋ የወጠርኸው። ሰው ሲቀመጥባት ኋላዋ ዝቅ ይላል፣ ካቴናው ይከርራል፣ ጎማውን አንቆ ይይዘዋል። አባትህን አስቀምጠህ አላየኸውም?»

አባቴ ከኋላዬ ነበር። አያ ዘለቀ የጎማውን ማሰሪያ ዳዶዎች ፈታ አድርገው፣ ጎማውን ትንሽ ወደ ፊት ገፍተው መልሰው አሰሩት። አንድ ብርጭቆ ሻይ የመጠጫ ጊዜ አልፈጀም።

አባቴ የዕለቱን ትኩስ ፓስቲ ይዞ ከኋላዬ ተቀመጠ፣ ሞተሯም አዘዞን አልፋ ወረደች። ሜዳው በሽምብራ አረንጓዴ ነበር፣ ሴቶች መንገድ ዳር እሸት ይሸጣሉ። አባቴ በጆሮዬ፣ «ሸጋ ሆነች» አለኝ። በዚያ መንገድ ላይ ደስ ብሎኝ እንደነበር አልክድም። ማክሰኝት ስንገባ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎች አገኘን። ማንንም መጠየቅ አላስፈለገንም። የአጎቴ ሚስት እትዬ ስንዱ ከመካከላቸው ወጥታ መሪው ላይ እጇን አሳረፈች።

«አያ መኮንን» አለችው አባቴን፣ «ሁለት ቀን ሙሉ መኪናም ሞተርም ባለፈ ቁጥር፣ "አያ መጣ፣ ቀና አድርጊኝ" ሲለኝ ነበር። በእግርዎም ቢመጡ እኮ ሸጋ ነበር።»

አባቴ ፓስቲውን ሰጣት። ሌላ ምን ይስጣት? ከዚያ መንገዱ ዳር መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር።

ስንመለስ፣ «የዘገየሁ እኔ ነኝ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት» አለኝ። «ልቀመጥባት» ማለቱን እስኪሞት ድረስ አንድም ቀን አላነሣብኝም። እኔም አላነሣሁም። ጥፋቱን ሁሉ ለብቻው ሲሸከም እያየሁ ዝም አልኩ። አንዲት የይቅርታ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። አሁን ድረስ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ሰብሳቢው መልሴን እየጠበቀ ነበር። «አትንካት» አልኩት በመጨረሻ። «የተስተካከለችው ለሁለት ሰው ነው።»

ሰውየው ግቢውን ዞር ብሎ አየ። ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።