ቀን ቀን የሚጠፋው ካሜራ

አክስቴ ዘበኛችንን ቅዳሜ ጠዋት ልታሰናብት እንደወሰነች የነገረችኝ ማክሰኞ ማታ እራት ላይ ነው። ቃሉን የማደርሰው እኔ ነበርኩ። እሷ ናይሮቢ አሥራ ሁለት ዓመት ብትኖርም ስዋሂሊዋ ከአትክልት ተራና መሃል ከተማ ካለው ምግብ ቤቷ ወጥ ቤት አያልፍም። እኔ አራት ዓመት እዚያው ዩኒቨርሲቲ ስማር ቋንቋው ቀስ ብሎ ገብቶኛል። ከተመረቅሁ በኋላ ሥራ እስካገኝ ኪሌሌሽዋ በሚባል ሰፈር በተከራየችው ቤት አብሬያት እኖር ነበር። ቀን ቀን ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ አንዳንድ ቀን በሁለት ማታቱ፣ በእኛ ሚኒባስ ታክሲ፣ የተባበሩት መንግሥታት መሥሪያ ቤቶች እስካሉበት ጊጊሪ ድረስ ሄጄ ፖስታዬን ለበር ጥበቃ ሰጥቼ እመለሳለሁ። በተረፈ ቤት ነኝ።

"ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?" አልኳት።

"ከዛሬ ጀምሮ በቃኸን በይው። የወሩን ይወስዳል፣ መሳፈሪያውንም እሰጠዋለሁ። ሰው አልበድልም።"

"ምን አጠፋሁ ቢሉኝስ?"

"ካሜራውን ጠይቀው በይው!"

ካሜራው የተገጠመው ከሦስት ወር በፊት ነበር። ያን ሰሞን በሰፈራችን መኪናውን በር ላይ አቁሞ እስኪከፈትለት ሲጠብቅ የሚዘረፍ ሰው በዝቶ ነበር። አክስቴ አንድ ፉንዲ አመጣች፤ እዚያ አገር የእጅ ባለሙያውን ሁሉ የሚጠሩት እንዲህ ነው። ፉንዲው ካሜራውን ከውጭ በሩ ምሰሶ ላይ፣ ከመብራቱ አጠገብ ሰቀለው። ምስሉ የሚታየው ሳሎን ጥግ ባስቀመጥናት ትንሽ አሮጌ ቲቪ ላይ ነው። ጥቁርና ነጭ ነው፤ መንገዱን፣ የውሃ መውረጃውን ቦይ፣ የፊት ለፊቱን አጥር ግማሽና በር ሲከፈት የዘበኛችንን ቆብ ያሳያል።

መጀመሪያ ቀንም ሌሊትም ሠራ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ቀን ቀን መጥፋት ጀመረ። ጠዋት ስነሳ ቲቪው ላይ ሰማያዊ ብቻ ነው። ማታ አክስቴ ከሥራ ስትመለስ ምስሉ አለ። እኔ ፀሐይ እያጋለው ይመስለኝ ነበር። አክስቴ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስና አልፎ አልፎ ለምሳ ስትመጣ ታየዋለች፤ ሁልጊዜም ጠፍቶ ነው የሚጠብቃት።

"ሲያንቀላፋ እንዳላየው ነው" ትላለች። "ገመዱን ይነቅልና ይተኛል፣ እኔ የምመጣበት ሰዓት ሲደርስ ይሰካዋል። እኔ ይሄን ነገር የገዛሁት ለማን ነው? አንቺን ብቻሽን ቤት ትቼ ስሄድ በሩን እንዲያይልኝ አይደለም?"

ፉንዲውን ስንደውልለት ደንበኛው አይገኝም የምትለዋ ሴትዮ ናት የምታነሳው። አንድ ጊዜ ብቻ ተገኘ፤ መጣ። መንገድ ተዘጋግቶበት ሲደርስ መሽቶ ስለነበር ካሜራው እየሠራ አገኘው። "ማማ፣ ይሄ ከኔም ከአንቺም ጤነኛ ነው" አላት። ሻይ ጠጥቶ፣ የመጣበትን ተቀብሎ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት ቲቪው ሰማያዊ ነበር። ከዚያ በኋላ አክስቴን የሚያሳምናት አልተገኘም።

ዘበኛችን ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ከናይሮቢ በስተምሥራቅ ካለችው ከኪቱይ የመጡ ሰው ነበሩ። አክስቴ ጋ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። ቀኑም ሌሊቱም የእሳቸው ነው፤ የሚያድሩት በሩ አጠገብ ባለችው አንድ ክፍል ነው። የመጨረሻ ልጃቸው ሁለተኛ ደረጃ ልትጨርስ አንድ ዓመት ቀርቷት ነበር። እኔ አባባ እንደማለት ምዜ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው እህቴ እንደማለት ዳዳ ይሉኛል። ከዚያ ያለፈ ወሬ አልነበረንም። "ማማ እንዲህ አድርግ ብላለች" እላለሁ፣ "ሳዋ" ይላሉ፣ እሺ ማለታቸው ነው፤ እገባለሁ። ትልቅ ሰው ማዘዝ ያሳፍረኝ ስለነበር ቶሎ ተናግሬ ቶሎ መግባት ነው የምፈልገው። የማይከብደኝ ሰዓት መንገር ብቻ ነበር፤ ስዋሂሊም እንደኛው ጎህ ሲቀድ አንድ ብሎ ስለሚጀምር አልሳሳትም።

ረቡዕ ጠዋት አክስቴ እንደወጣች ካሜራውን መመርመር ጀመርኩ። ጥፋቱ የዕቃው ከሆነ ቅዳሜ የምናገረው ነገር አይኖርም ብዬ ነው። እውነቱን ለመናገር ለእሳቸው ካዘንኩት ይልቅ ያንን ቃል ከአፌ ከማውጣት ለማምለጥ የፈለግሁት ይበልጥ ነበር።

ከቲቪው ጀመርኩ። ቻናሉን ቀያየርኩ፣ ከኋላ የገባውን ገመድ ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። የሶኬቱን ማብሪያ አየሁ። እዚያ አገር ሶኬቱ ራሱ ማብሪያና ማጥፊያ አለው፤ ናይሮቢ በገባሁ ሰሞን ስልኬን ሰክቼ አድሬ ጠዋት ባዶውን ያገኘሁት ስንት ጊዜ ነው። በርቷል። ከካርቶኑ ውስጥ መመሪያውን አገኘሁ፤ በቻይንኛ ሆኖ ጥግ ጥጉ ላይ የተሰባበረ እንግሊዝኛ አለው። ካልበራ መጀመሪያ ኃይል ማግኘቱን አረጋግጡ ይላል። ይህን ሳነብ ነው አንድ ያላሰብኩት ነገር የታየኝ። ሳሎን የምትገባው አንዲት ቀጭን ገመድ ናት፣ እሷም የምስሉ ናት። ካሜራው ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከየት ነው?

ሐሙስ ጠዋት ገመዷን ተከተልኩ። በመስኮቱ ትወጣለች፣ ከጣሪያው ክዳን ሥር ትሄዳለች፣ ከዚያ በአጥሩ ላይ አድርጋ እስከ በሩ። አብሯት የሚሄድ ሌላ ገመድ የለም። መሰላሉን ከዕቃ ቤት ጎትቼ አመጣሁና ምሰሶው ላይ አስደገፍኩት። ዘበኛችን ከክፍላቸው ወጥተው ሳልጠይቃቸው ያዙልኝ።

"ዳዳ፣ ላይ ምን ጠፋሽ?"

"ካሜራው ኤሌክትሪክ ከየት እንደሚያገኝ ልይ ብዬ ነው።"

"ከመብራቱ ነው። ውረጂ፣ ትወድቂያለሽ።"

አልወረድኩም። ከመብራቱ ሥር የፕላስቲክ ሳጥን አለች፤ ክዳኗን በጥፍሬ አላቀቅሁት። ውስጧ የስልክ ቻርጀር የመሰለች ጥቁር ነገር ተቀምጣለች። አንደኛው ጫፏ ካሜራው ውስጥ ይገባል፣ ሌላው ከአምፖሉ ሽቦ ላይ ተጠምዝዞ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ነካኋት፤ ቀዝቃዛ ነበረች።

"እንዴት አወቁ?" አልኳቸው ወደ ታች።

"ፉንዲው ሲሠራ መሰላል የያዝኩለት እኔ አይደለሁ? ከቤት ድረስ ሽቦ መሳብ ታከተውና ከዚህ ቀጠለው። 'ምዜ፣ ይቺን የመብራት ማጥፊያ እንዳትነካት' አለኝ። አልነካኋትም። በኋላ አንቺ መጥተሽ 'ማማ መብራቱን ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት አጥፋ ብላለች' አልሽኝ። ከዚያ ወዲህ አጠፋለሁ።"

መሰላሉን በሁለት እጄ ያዝኩ።

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ነገርኩሽ እንጂ። 'መብራቱን ካጠፋሁ ካሜራውም አብሮ ይጠፋል፣ ማማ ታውቃለች?' አልኩሽ። 'ሳዋ' ብለሽኝ ሄድሽ። እኔም ማማ ለማታ ብቻ ነው የፈለገችው አልኩ።"

እንዳሉት ነበር። ቀኑ ትዝ አለኝ። አክስቴ በምሳ ሰዓት ሳይታሰብ መጥታ የበሩ መብራት ፀሐይ ላይ ሲበራ አገኘችው። "ፀሐይ አንሷት ነው?" ብላ ጮኸች። ተመልሳ ልትወጣ መኪናዋን አስነስታ ሳለ ነው ለዘበኛው ንገሪው ያለችኝ። ነገርኳቸው፤ እሳቸውም ይህንኑ ጠየቁኝ። ጥያቄው ገብቶኛል። ግን አክስቴ ጥሩንባ እየነፋች ነበር። የዘበኛ ጥያቄ ይዤ ወደ መኪናው መመለስ ትእዛዝ ላይ መልስ እንደመስጠት መሰለኝ። ታውቅ ይሆናል አልኩ ለራሴ። በእሷ ስም ሳዋ አልኩና ገባሁ፤ ወዲያውም ረሳሁት።

"እባክዎ ማጥፊያውን ያብሩልኝ" አልኳቸው።

ወርጄ ሮጬ ሳሎን ገባሁ። ምስሉ መጥቷል፤ መንገዱ፣ ቦዩ፣ የአጥሩ ግማሽ። ዘበኛችን በሩን ገርበብ አድርገው መንገዱ ላይ ቆመው በብስክሌት ከሚያልፍ ዳቦ ሻጭ ጋር ይነጋገራሉ። ሰውዬው አንድ ነገር ብሏቸው ሳቁ። ቆሜ ጥቂት አየኋቸው። ቅዳሜ እንደሚሰናበቱ አያውቁም ብዬ አሰብኩ።

አክስቴ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ገባች። ጫማዋን እያወለቀች ወደ ቲቪው አየች።

"ይኸው፣ እኔ ስመጣ ይሠራል። ጨዋታውን አየሽልኝ?"

"እቴቴ፣ የካሜራው ነገር ተገኝቷል።"

"ማን ነው የሚያጠፋው?"

መልሱ አጭር ነበር፤ ግን አልደፈርኩም። ካሜራው የተቀጠለው ከበሩ መብራት ላይ እንደሆነ፣ መብራቱ ሲጠፋ አብሮ እንደሚጠፋ፣ ጠዋት ጠዋት መብራቱን የሚያጠፉት ደግሞ እሷ ባዘዘችው መሠረት እንደሆነ በቅደም ተከተል ነገርኳት። ሰማችኝ። አንዱን ጫማ በእጇ እንደያዘች ቀረች።

"ታዲያ እሱ አፍ የለውም?" አለች በመጨረሻ። "ስንት ሳምንት ስጮህ እየሰማ ዝም ይላል? ይሄማ ከማጥፋቱም ይብሳል! ዝም ያለው ቢፈልገው ነው።"

እዚህ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። ስለ ሽቦው ትክክለኛውን ነግሬያታለሁ። ቢሆንም የቅዳሜው ነገር አሁንም እንዳለ ነው፤ ምክንያቱ ብቻ ነው የተቀየረው።

"ተናግረዋል" አልኩ።

"ለማን?"

"ለኔ። መብራቱን እንዲያጠፉ የነገርኳቸው ቀን። ካሜራውም ይጠፋል፣ ማማ ታውቃለች ወይ ብለው ጠየቁኝ።"

"አንቺስ ምን አልሽ?"

"ሳዋ አልኳቸው።"

"በኔ ስም?"

"በአንቺ ስም።"

ጫማውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

"አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ!" አለች። "ሳዋ ለማለት እኮ እኔም አላንስም ነበር።"

ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄደች፣ ተመለሰች።

"ጥሪልኝ።"

ዘበኛችን ቆባቸውን አውልቀው የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። አክስቴ መብራቱ ሳይበራ ካሜራው እንዲሠራ ምን ይደረግ ብላ አስጠየቀችኝ። እሳቸውም፣ ፉንዲው ሽቦውን እስኪለየው ድረስ ማጥፊያውን አልነካም፣ ጠዋት ጠዋት በጨርቅ ይዤ አምፖሉን ብቻ አላላዋለሁ፣ ማታ አጠብቀዋለሁ፣ መሰላሉን ግን እኔ ጋ ተዉልኝ አሉ። ተረጎምኩ። "ጥሩ ነው" አለች። እሳቸው ግን ንግግራቸውን ቀጠሉ፣ ረዘም አድርገው። አክስቴ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየች።

"ምን ይላል?"

ከዚያ በፊት ቢሆን፣ ምንም አይደል፣ አመሰግናለሁ ነው የሚሉት እላት ነበር።

"በስድስት ዓመት ጥቂት አማርኛ ለምጃለሁ ነው የሚሉት። በር፣ ክፈት፣ ሌባ፣ ዘበኛ፣ ቅዳሜ። ማክሰኞ ማታ መስኮቱ ክፍት ነበር፣ ዘበኛና ቅዳሜ አብረው ሲባሉ ሰማሁ፣ ቀኑ ደግሞ የደመወዝ ቀን አይደለም። ማማ የተቀየመችኝ ነገር ካለ እዚሁ ቆሜ ትንገረኝ ይላሉ።"

ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት መሰላሉን ሲይዙልኝ ያውቁ ነበር ማለት ነው።

አክስቴ አንገቷ ላይ ያለውን ነጠላ አስተካከለች።

"እንደዚህ ነው ያለው?"

"እንደዚህ ነው ያሉት።"

"ቅዳሜ የሚሄድ ሰው የለም በይው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት በይው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ "ያንቺንም ጨምረሽ ንገሪው፣ የኔን ብቻ ተርጉመሽ እንዳትቀሪ" አለች።

ሁለቱንም ነገርኳቸው። የኔን ስናገር ስዋሂሊዬ ተሰባበረ፣ የግሥ መነሻ ቅጥያዎቹ ሁሉ ተደበላለቁብኝ። እስክጨርስ እሳቸው መሬት መሬት ያዩ ነበር። "ሳዋ" አሉ። ቆባቸውን አደረጉ፣ ሊሄዱ ብለው ቆሙ።

"ዳዳ፣ የዲሴምበሩ ፈቃድስ እንዳለ ነው? አገር ቤት ልጆቹ ይጠብቁኛል።"

በየዓመቱ ስለሚሄዱ መልሱን አውቀዋለሁ። ሳዋ ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

"አሁን ደግሞ ምን አልሽው?" አለች አክስቴ።

"ገና ምንም አላልኩም። የዲሴምበር ፈቃዳቸውን ነው የጠየቁት። ልጠይቅሽ ነው።"

ትንሽ አየችኝ።

"ይሂድ። ግን የሚተካውን ሰው ቀደም ብሎ ያሳየኝ፤ ያለፈው ዓመት ያመጣው በሩን ክፍት ትቶ ሲጋራ ሊገዛ ይሄድ ነበር።"

ከነሲጋራው ተረጎምኩላቸው። ያ የወንድሜ ልጅ ነው አሉ፣ ዘንድሮ እሱን አላመጣም። ወደ አክስቴ ዞሬ ይህንንም ነገርኳት።