ባኦ-ጁ ያላዞረችው ቁልፍ

አክስቴ ባኦ-ጁ ዝናብ በማያባራባት በጂሎንግ ከተማ ገበያ በጫማ አዳሹና በሻይ ቅጠል ሻጩ መሃል ተቀምጣ ዚፕ ትቀይራለች፤ ሱሪ ታሳጥራለች። ሰው አታምንም። ዓሣ ልትገዛ ስትወጣ የራሷን ሚዛን ይዛ ነው። ሐኪም መድኃኒት ካዘዘላት ለሌላ ሐኪም ታሳያለች፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ነገር ከተናገሩ ደግሞ ተደዋውለው እንደሆነ ትጠይቀኛለች። በወጣትነቷ የከዳት ሰው ስላለ ነው የሚሉ ዘመዶች አሉ። እናቴ ግን፣ "ውሸት ነው። ጡት ስትጠባም በአንድ ዓይኗ ታይ ነበር" ትላለች።

እንዲህ ያለች ሴት በኮንትራክተር መታለሏን ሰው ሲሰማ መጀመሪያ ይስቃል።

ነገሩ የመጣው በእናቴ ጉልበት ነው። የኛ ቤት መታጠቢያ ገንዳው ከፍ ያለ ነው፤ እናቴ እግሯን አንስታ መሻገር አቃታት። ክረምቱን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጣ በእርጥብ ፎጣ ሰውነቷን ሳሸው ታፍር ነበር፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። አክስቴ ይህን አንድ ቀን አየች። "እኔ ጋ ትመጫለሽ" አለቻት። "ቤቴ ደረጃ የለውም። ገንዳውን አስወጣና ወለሉን እኩል አስደርገዋለሁ፤ እየተራመድሽ ገብተሽ ትታጠቢያለሽ።"

ኮንትራክተር ፋን በዚህ መሃል መጣ። አክስቴ ከእሱ በፊት ሌሎችን አነጋግራ ሁሉንም አባርራ ነበር፤ አንዱን ጥርሱ ስለሚያምር። ፋን ግን ሌላ ነገር አወቀባት። ገና በሩ ላይ ቆሞ፣ "እትዬ፣ የወለል ሸክላ ሻጮቹን እንዳያምኑ፤ ሌቦች ናቸው" አላት። ቧንቧ ሠራተኞቹን እንዳታምን፣ ቀለም ቀቢዎቹንም እንዳታምን ነገራት። ሁለቱ ተቀምጠው ግማሽ ቀን ዓለሙን ሁሉ ሲያሙ ዋሉ። ማንንም የማያምን ሰው ስላገኘች አመነችው። ከገንዘቡ ትልቁን ድርሻ አስቀድማ ከፈለች፤ መታጠቢያ ቤቱ ተሠርቶ እስኪያልቅም ጓዟን ይዛ እኛ ጋ ገባች።

ፋን ገንዳውን ሰብሮ አወጣ፣ ወለሉን ቆፈረ፣ የውጭውን በር በአዲስ ቀየረ፣ ሸክላዎቹን በካርቶን አስገብቶ ደረደረ። ከዚያ ቀረ። መጀመሪያ አባቱ ታመሙ። ቀጥሎ ዝናብ ነው አለ፤ ጂሎንግ ውስጥ ዝናብ ሰበብ ከሆነ ማንም ሥራ አይሠራም። በመጨረሻ መልእክቷን አንብቦ ዝም ማለት ጀመረ።

አክስቴ ገንዘቧን እንዲመልስላት በወረዳው ሽምግልና ክፍል አቤቱታ አስመዘገበች። ቀጠሮው ሩቅ ነበር። እስከዚያ በየማታው ቤቷን እያየች ትመለሳለች፤ አንድ ማታ የተመለሰችው ፊቷ ተቀይሮ ነው።

"ሸክላው ቀንሷል" አለችኝ።

"ተሳስተሽ እንዳይሆን?"

"እኔ?"

በማግስቱ የስፌት ክር በበሩ ግርጌ ወጥራ ሄደች። ስትመለስ ክሩን ተበጥሶ አገኘችው።

አዲስ በር ሁለት ዓይነት ቁልፍ አለው። አንዱ ለሠራተኞች የሚሰጥ ነው። ሌላው የባለቤት ነው፤ በፕላስቲክ ታሽጎ ይመጣል። የባለቤቱ ቁልፍ አንድ ጊዜ ገብቶ ከዞረ የሠራተኞቹ ቁልፍ ከዚያ ወዲያ አይሠራም። አክስቴ እኔ አብሬያት ሳለሁ በሯ ላይ ቆማ እሽጉን ከጉያዋ አውጥታ ልትቀድ ስትል፣ ከላይ ፎቅ የሚኖሩት ጋሽ ሊያኦ ቆሻሻ ሊጥሉ ወርደው አይዋት።

"ባኦ-ጁ! እንዳታዞሪው!"

"ለምን? ሌላ የሚሰርቀው ቀርቶታል?"

"የልጄ ባል እንዲሁ ቆለፈ። ሽምግልና ሲቀርቡ ኮንትራክተሩ ምን ቢል ጥሩ ነው? 'ሥራዬን ልጨርስ ብመጣ በሩን ዘጋብኝ!' አለ። በቃ፣ ገንዘቡ እንደወጣ ቀረ።"

አክስቴ አመስግና ሸኘቻቸው። በሩ እንደተዘጋ ወደ እኔ ዞረች። "ይሄ ሽማግሌ ስለ በሬ ምን አስጨነቀው? ፋን ሲጋራ እየገዛለት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?"

ቢሆንም አላዞረችውም። ገንዘቧን የምታስመልሰው የምትጠረጥረው ሰው እንደልቡ የሚከፍተው በር ካላት ብቻ መሆኑ ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳት። ጠዋት የልብስ ስፌት መኪናዋን አስጭና እዚያው ቤቷ ውስጥ አቧራው መሃል ተከለችው። ደንበኞቿ ሱሪያቸውን እዚያ ያመጡላት ጀመር። እኔ ከሥራ ስወጣ ሩዝ የሞላ የምግብ ሳጥን አደርስላታለሁ፤ መጀመሪያ ክዳኑን ከፍታ ታሸተዋለች።

አንድ ቀን አብሬያት ሳለሁ ቁልፍ በበሩ ውስጥ ተንቀጫቀጨ። ፋን ጋሪ እየገፋ ገባ። የስፌት መኪናው አልቆመም።

"እ... እትዬ! እዚህ ነዎት?"

"ቤቴ ነዋ። ጋሪው ለምንድን ነው?"

"ለሥራ ነው። ሥራ ልጀምር ነው የመጣሁት።"

"በባዶ እጅህ?"

"ዛሬ ልለካ ብዬ ነው።"

"በምን?"

ኪሱን ዳሰሰ። አክስቴ የልብስ መለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ዘረጋችለት። "እንካ። ለካ።"

ፋን ተንበርክኮ የተቆፈረውን ወለል በልብስ ሜትር ለካ። እሷ ከኋላው ቆማ፣ "ወገቡን ጨረስክ? አሁን ደረቱን" ትለዋለች። እኔ ሳቄን ለመያዝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። "ነገ በጠዋት" ብሎ ፋን ባዶ ጋሪውን እየገፋ ወጣ። አልመጣም፤ ሸክላው ግን ከዚያ ወዲያ አልጎደለም።

የቀጠሮው ዕለት ሸምጋይዋ ሴት ሻይ መጀመሪያ ለፋን ቀዱለት። አክስቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። "አየሽ?"

ፋን አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚናገረው። "እኔ ልጨርስ ፈልጌ ነበር፤ በሩን ቆለፉብኝ። ቁልፌ አይሠራም።"

"እውነት ነው ወይዘሮ ባኦ-ጁ?" አሉ ሸምጋይዋ።

አክስቴ የባለቤቱን ቁልፍ እንደታሸገ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሸምጋይዋ ወደ መብራቱ አንስተው ዙሪያውን አዩት። አልተነካም።

"ሄደን በሩን በቁልፍህ እንሞክረው?" አሉት። "ቤቱ ቅርብ ነው።"

"ምናልባት... ያን ቀን መቆለፊያው ዝጎ ይሆናል።"

"አዲስ በር ዛገ?" አለች አክስቴ። "ባለፈው በጨርቅ ሜትሬ የለካኸው የማንን ቤት ነው ታዲያ? የጎረቤት?"

ፋን ሻዩን አልጠጣውም። ተመልሶ ልጨርስ ሲል አክስቴ እጇን አነሳች። "አንተን ሁለተኛ አላስገባም። ገንዘቤን ስጠኝ።" ላልሠራው ሥራ የወሰደውን ከፋፍሎ ሊመልስ ፈረመ። ፊርማውን ሦስት ጊዜ አስፈረመችው፤ አንዱ ከሌላው ይመሳሰል እንደሆነ ለማየት።

የመጀመሪያው ክፍያ በቀኑ ደረሰ። "ለምን በቀኑ ከፈለ?" እያለች ሳምንቱን ሙሉ ስትብሰለሰል ከረመች። በእሱ ገንዘብ ሌላ ሠራተኛ ቀጠረች። ሰውዬው ሸክላ ባስቀመጠ ቁጥር በጣቷ እያንኳኳች ባዶ ድምፅ ትፈልጋለች። "እትዬ፣ ሐብሐብ መሰለሽ እንዴ?" አላት። እሷ ግን አልሳቀችም።

እናቴ ወደዚያ ቤት የገባች ማታ ምርኩዟን ከመታጠቢያ ቤቱ በር ውጭ አስደግፋ፣ ማንንም ሳትይዝ እየተራመደች ገባች፤ በሩንም ከውስጥ ዘጋችው። የውሃው ድምፅ ይሰማ ጀመር። አክስቴ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች።

"እህቴ፣ ውሃው ወደ ቱቦው ይወርዳል?"

"ይወርዳል።"

"በደንብ?"

"ባኦ-ጁ፣ ሂጂ ከዚህ። ልታጠብበት።"

አክስቴ አልሄደችም። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ ከበሩ ሥር ውሃ ይወጣ እንደሆነ በእጇ እየዳሰሰች፣ እህቷ ዘፈን እስክትጀምር ድረስ።