ግማሽ ፊቴ አልታዘዝ ያለኝ ዛሬ

ዛሬ ጠዋት ጥርሴን ቦርሼ ስጉመጠመጥ ውሃው በቀኝ በኩል አምልጦኝ ደረቴ ላይ ፈሰሰ።

መስታወት ሳይ ቀኝ ጉንጬ ወርዷል፤ ዓይኔም አልጨፈን አለኝ።

"ስትሮክ ነው!" ብዬ ጮህኩ። በሰው አገር፣ ሄሮን የሚባል ሰፈር፣ ሰው ቤት ተቀጥሬ ነው የምኖረው። እዚህ ሽባ ብሆን ማን ያስታምመኛል?

ካርቲየ 6 የሚባለው ሰፈር ያለችው ጓደኛዬ ራሔል በታክሲ እየበረረች መጣች። "ምች ነው፣ አይዞሽ" ትለኛለች፤ ግን በመጣችበት ታክሲ ወዲያው ሆስፒታል ወሰደችኝ።

ሆስፒታል ሐኪሙ በፈረንሳይኛ ይጠይቃል፣ ራሔል ትተረጉምልኛለች። እጄንም እግሬንም አነሳሁ።

"ቅንድብሽን ወደ ላይ አንሺ ይልሻል።"

ግራው ተነሳ። የቀኙ ግንባሬ ግን ንቅንቅ አላለም። አለቀልኝ ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ።

ሐኪሙ ፈገግ አለ! "ይሄማ ጥሩ ምልክት ነው ይላል" አለች ራሔል፣ ግራ ገብቷት።

ለካ ግንባራችን ትእዛዝ የሚደርሰው ከሁለቱም የአንጎል ክፍሎች ነው። አንዱ በስትሮክ ቢጎዳ ሌላው አብዛኛውን ጊዜ ያንቀሳቅሰዋል። የእኔ ግንባር ጭምር ስለቆመ፣ የታመመው አንጎሌ ሳይሆን ከጆሮ ሥር ወጥቶ ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ነው።

መድኃኒትና የዓይን ጠብታ ሰጠኝ። "አብዛኛው ሰው ይድናል። ግን ይሄን የሚለየው ሐኪም ስለሆነ ሮጠሽ መምጣትሽ ልክ ነው" ብሎኛል።

አሁን ራሔል ስታስቀኝ የሚስቀው ግራ ጉንጬ ብቻ ነው። (ሰልፊ እንዳትጠይቁኝ!)

ፍርሃቱ ግን ገና አልለቀቀኝም። እንዲህ ሆናችሁ የዳናችሁ ካላችሁ፣ ፊታችሁ በስንት ጊዜ ተመለሰ? እባካችሁ ጻፉልኝ።