ያልተፈታ ጾም

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውሰውም፤ ብቻ አንኮበር ሳለን፣ ጺሜ ገና ብቅ ብቅ ሲል ነው። ዛሬ ደብረ ብርሃን የልጅ ልጄ ሽሮውን ሳይነካ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲተኛ አየሁና ትዝ አለኝ። እናቱ "ጾሙን አጥብቆ ነው አባባ፣ ይተዉት" ትለኛለች።

እኔንም እንዲሁ ነበር ያሉኝ። በዚያ ሁዳዴ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ እህል አስጠላኝ፤ ከሰው ሸሸሁ፤ ማንም ሳይጠራኝ "አቤት" እል ጀመር። አባቴ "ልጄ ሊመንን ነው" እያለ ለጎረቤት ይኮራብኛል። እየጠፋሁ መሆኔን እንዴት ብዬ ልንገረው?

ፋሲካ ደረሰ። የዶሮ ወጡ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ እኔ እጄን አልዘረጋሁም። አባቴ ደስ ብሎት ፈገግ ሲል፣ አክስቴ ጉርሻዋን እንደያዘች አፈጠጠችበት።

"ወንድምዓለም፣ ጾም እኮ ይፈታል! ይሄ ልጅ የሚፈታው መቼ ነው? ታሟል!"

ወደ እኔ ዞራም "እንቅልፍ ከወሰደህ ስንት ቀን ሆነህ?" አለችኝ። እስከዚያ ድረስ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። በማግስቱ በቅሎ ላይ አስቀምጣ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ።

ይኸው ይህንን ሁሉ ለልጄ ብነግራት "እርስዎ ደግሞ ያበዙታል" አለችኝ። ሽሮው እንደቀረበ ቀዝቅዟል። እኔ ያንን ምላስ ከየት ላምጣ? የአክስቴን፣ የእትዬ በለጥሻቸውን።